የአመድ መስመር

ደብዳቤው አርብ መጣ፤ ከጁምዓ በኋላ ተነበበልን፣
ማኅተሙ ክብ ነበር፣ ቃሉም ለስላሳ፣ ምንም አላመመን።
«ኮምቦልቻ ሜዳ አለ፣ ሣር የለበሰ፣ ማታ መብራት ያለው፣
ፋብሪካው ያለብሳል፣ ያበላል፣ ያስተኛል፤ ለልጆቹ ጥሩ ነው።»

ለልጆቹ ጥሩ ነው። ይሄን ማን ያስተባብላል?
ከልጅ ጥቅም ፊት ቆሞ እምቢ ማን ይላል?
አጨበጨብን።
የኔ እጅ አመድ ነበረበትና ጭብጨባዬ ቦነነ፤
ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ይመር ሙሄ እባላለሁ። በቢስቲማ ሜዳ
መስመር ካያችሁ የኔ እጅ ነው።
ኖራ ዋጋው ናረና ከሼህ አራጋው ዳቦ ቤት አመድ እየለመንኩ፣
የዘይት ጣሳ ቂጡን በምስማር ሰባት ቦታ በስቼ፣
ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዞርኩ።

ኢሱዙው ቅዳሜ ደረሰ። የጫነው ነገር ትንሽ ነው፦
ሁለት ኳስ፣ አንድ መረብ (የእነ ሐሚድ በሬ ነው የቀደደው)፣
ከጸጉር አስተካካዩ መስኮት የወረደ ዋንጫ፣ ባለ አንድ ጆሮ፣
አሥራ ስምንት ልጅ፣ አሥራ ስምንት ፌስታል፣
እና አንድ ጀሪካን እርጎ።
የሷሊህ እናት ናት፤ «ኮምቦልቻ እርጎ የለም» ብሏት ነው አንድ ሰው በጨዋታ።

ጎሎቹ ቀሩ። ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ማን ይነቅላቸዋል?
መምህር አበጋዝም ቀረ፣ ፊሽካውን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ እንዳሰረ፤
«ላይሰንስ ያለው አሠልጣኝ አለን» ተብሎ ተነገረው።
እሱ ነበር ቁርጭምጭሚታቸውን ይዞ
መምታትን ያስተማራቸው፣ በግራም በቀኝም።
«አብሽሩ» አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከተማ ቅዳሜ ሲጠፋባት እንዴት እንደምትሆን አታውቁም።
ዘምዘም ድንቿን ቀቅላ አወጣች፣ እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀች፣
ሚጥሚጣዋን መልሳ ቋጠረች።
መሪጌታ ይባስና ሐጂ ኡመር
የሚኳረፉት በኦፍሳይድ ብቻ ነበር፤
አሁን ከአንድ ግንድ ላይ ይቀመጣሉ፣
የሚጣሉበት አጥተው
ስለ ዝናብ ይስማማሉ።

በሦስተኛው ወር ሄድኩ።
በሩ ላይ «ትኬት» አሉኝ። እኔን!
ከፈልኩ። ዝም ብዬ ከፈልኩ።
መስመሩ ነጭ ነው፣ እንደ ጥለት ቀጥ ያለ፤
ጎንበስ ብዬ ነካሁት፣ ቀለም ነው፣ እጅ ላይ አይቀርም።
እውነቱን ለመናገር ያምራል። ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ከደረታቸው የኛ ስም ተነሥቶ የክር ፋብሪካው ተጽፏል።
ሷሊህ አድጓል። ሥጋ ይዟል። ብርቱካናማ ጫማው ይንቦገቦጋል።
ኳስ ሲያገኝ ሕዝቡ «ሰባት! ሰባት!» ይላል።
ሰባት ማነው?
እኛ ዘንድ ስም ነበረው፤ «የዘሃራ ልጅ»፣
ሲያመልጥ «ሚዳቆው»፣
ሲስት ደግሞ የማይጻፍ።

ተነሥቼ ጮህኩ፦ «የዘሃራ ልጅ!»
ቆመ። ኳሱ እግሩ ላይ፣ አንገቱ ዞረ፤
በግራ ፈለገኝ፣ እኔ በቀኝ ነበርኩ።
ያኔ ቀሙት። አሠልጣኙ ተቆጣው።
እኔም እንደ ሌባ ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ፣
ከሕዝቡ ጋር «ሰባት» ስል ዋልኩ፣ ድምፄን ቀይሬ።

ሦስት ለአንድ አሸነፉ።
ዘሃራ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። «ከሳ?»
«ወፈረ» አልኳት። «እርጎ ይጠጣል?» «ይጠጣል።»
ስለ ጨዋታው አልጠየቀችም፤ ስለ ጩኸቴም አልነገርኳት።

ትላንት ማታ አራት ሕፃናት በሬን አንኳኩ፣
የካልሲ ኳስ ይዘው፤ ትልቁ ስምንት አይሞላውም።
«ጋሼ ይመር፣ መስመሩ የት ጠፋ?»
«ዝናብ በላው። ስታድጉ...» ብዬ
ምላሴን ያዝኩት።
ሲያድጉማ መኪናው ይመጣል።

ዛሬ ማለዳ ጣሳዬን አንሥቼ ከሼህ አራጋው ደጅ ደረስኩ፣
ሜዳውን በነሱ እርምጃ ለክቼ ጠበብ አድርጌ አሰመርኩ፤
ከመንገዱ በኩል ብቻ ሁለት ክንድ ያህል ክፍት ተውኩ።
«አመዱ አለቀ?» አለኝ መምህር አበጋዝ ፊሽካውን እየነካካ።
«አለቀ» አልኩት።
ጣሳውን ተቀበለኝ፣ ከጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፤
ተንሿሿ።
ምንም አላለኝም።